መቀርቀሪያው በየት በኩል ይሁን

የጋራዣችንን በር የገነጠለው ሌባ አይደለም፤ ባለቤቴ ነው። ያውም ከውስጥ ሆኖ። ጎረቤቶች ድምፁን ሰምተው ሲመጡ የጎማ ማውለቂያ ብረቱን እንደያዘ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ «ይቅርታ፣ ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው» ይላቸው ነበር። ቁልፉ አልጠፋም። የቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ የደበቅኩትም ከእሱ ነው።

ቤታችን ሞያሌ ነው፣ በኬንያ በኩል፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። ፊት ለፊት አንዲት ሱቅ አለችኝ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል፣ የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። ከሱቋ ጎን ጋራዡ አለ፤ ሎሪ የሚያስገባ፣ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት ነው፤ ወደ ግቢው የሚገባው በእሱ ውስጥ ታልፎ ነው። ከሱቁ ወደ ጓሮ የምታወጣ ጠባብ በርም አለች፤ እሷ ጀርባዬ ላይ ስለሆነች በእሷ በኩል ማንም ሳላየው አያልፍም። ጋራዡን ግን ሱቅ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ባለቤቴ ይህን ያውቃል። የልጆቹን ስም ረስቷል፣ ትናንት ምን እንደበላ ረስቷል፣ ይህቺን ግን አልረሳትም።

ሾፌር ነበር። ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ሽንኩርትና ቦሎቄ ጭኖ ወደ ማርሳቢት ይወርዳል፤ ሲመለስ ሥራ ካገኘ ሲሚንቶ፣ ካላገኘ ባዶውን እየዘፈነ ይመጣል። የእኛ ከተማ ሾፌር ከሌላ ከተማ ሾፌር በአንድ ነገር ይለያል። በኢትዮጵያ በኩል የሚነዳው በቀኝ ነው፤ ኬላውን አልፎ ኬንያ ሲገባ በግራ። የእንግዳ አገር ሾፌር እዚያ ጋ ሲደርስ ይደነግጣል፣ ይቆማል፣ ሰው ይጠይቃል። የእኛዎቹ ጫት እያኘኩ፣ ስልክ እያወሩ ይሻገሩታል። ባለቤቴ «እኔ ሁለት ጭንቅላት ነው ያለኝ፤ ኬላው ላይ አንዱን አውልቄ ሌላውን አደርጋለሁ» እያለ ይቀልድ ነበር።

በሽታው ራሱን ያሳየን እዚያችው ቦታ ላይ ነው። የሱቅ ዕቃ ልገዛ ማዶ ሄጄ ጋቢና አሳፍሮኝ ስንመለስ፣ ኬላውን አለፍን፣ እሱ ግን ወደ ግራ አልተሻገረም። ቀኙን ይዞ ዝም ብሎ ነዳ። ከፊታችን ከብት የጫነ ሎሪ ጥሩምባውን እያስጮኸ መጣ። «አንተ! ግራህን ያዝ!» ብዬ ጮህኩ። እንደ ምንም ወደ ዳር አወጣትና ቆመ። መሪውን በሁለት እጁ እንደጨበጠ ዞር ብሎ አየኝ፤ «የቱ ጋ ነን?» አለኝ። እኔም ደክሞታል ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ መንዳት ቀረ፤ ሎሪዋም ተሸጠች። ጋራዡ ውስጥ የቀረው የዘይት ሽታ፣ ሁለት አሮጌ ጎማና መፍቻዎቹ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ይነሳና ፊቱን ሳይታጠብ ወደዚያ ይሄዳል። ባዶውን ቤት ያይና «ማን ወሰዳት?» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እውነቱን ነበር የምነግረው፤ ሸጥናት እለዋለሁ። ፊቱ ይጠቁራል፣ እዚያችው ጎማ ላይ ይቀመጥና ያለቅሳል። በማግሥቱ ደግሞ እንደ አዲስ ይጠይቀኛል፣ እንደ አዲስ ያለቅሳል። አንድን ሰው በየቀኑ መርዶ እያረዱ መኖር አይቻልም። ስለዚህ «ጥገና ላይ ናት» ማለት ጀመርኩ። ደስ ይለዋል። ግን ጥገና ላይ ያለች መኪና ሄደው ያዩዋታል እንጂ ቤት ቁጭ ብለው አይጠብቋትም። መውጣት የጀመረው ያኔ ነው።

በፊት በፊት የሚሄደው ኬላው ጋ ነበር። ፖሊሶቹ ያውቁታል፤ ወንበር ሰጥተው ያስቀምጡትና የቦዳ ቦዳ ሞተረኛ ጠርተው «ባባን ቤቱ አድርስ» ይሉታል። ሞተረኞቹም ፊታቸው አይከፋም። አንዳንዴም ሄሉ ሰፈር ድረስ ሄዶ ከብት ነጋዴዎች መሃል ቆሞ ይገኛል፤ ጭነት ሊያገኝ። ሰው ሁሉ ያውቀዋልና እኔም ያን ያህል አልጨነቅም ነበር። የመጨረሻው ቀን ግን ቡቲዬ በሚባለው ሰፈር በኩል ወጥቶ የእርሻውን ማሳ ሁሉ አልፎ ሄደ። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጠፋ። ግማሹ ሰፈር ፍለጋ ወጣ፤ እኔ ሱቁን ክፍቱን ትቼ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ያገኙት ፍየል የሚጠብቁ ሴቶች ናቸው። አንዲት ግራር ሥር ተቀምጦ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ምላሱ ደርቆ፣ መናገር አቅቶት። በጄሪካን ክዳን ትንሽ ትንሽ ውኃ አጠጡት። ስደርስ አላወቀኝም፤ እነሱን ግን ይመርቃቸው ነበር።

ጓጉንቸሩን የገዛሁት በዚያ ሳምንት ነው። ከውስጥ በኩል ቆለፍኩበት። ከዚያም ያው፣ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ነገር ሆነ። ጭንቅላቱ እምቢ ቢለውም እጁ የሾፌር እጅ ነው፤ ብረት ሲያይ የት ጋ እንደሚፈነቀል ያውቃል። በሩም የዛገ አሮጌ ላሜራ ነበርና ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበት ብረት ቁራጩን ይዞ ተገነጠለ። አንደኛው መዝጊያ ከማጠፊያው ወልቆ ዘመም አለ። አዲስ በር ግድ ሆነ። ምን ዓይነት በር እንደሚያስፈልገኝም ያኔውኑ አውቄዋለሁ፤ ከውጭ የሚቀረቀር። በአፌ ለማለት ግን አቃተኝ።

ናይሮቢ ያለችው ልጄ በስልክ የበር ፎቶ ትልክልኝ ጀመር። ወደ ላይ የሚጠቀለል፣ በሪሞት የሚከፈት። «እማዬ፣ አባዬ ሪሞቱን ስለማያውቀው አይወጣም፤ ቁልፍም ምንም አያስፈልግሽም» ትለኛለች። ልጄ ብልህ ናት፤ ግን ሞያሌን ረስታዋለች። መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ በመብራት የሚከፈት በር! «መብራት ከጠፋ ሻማ ለኩሼ በሩ ፊት ልጸልይ?» አልኳት። ሳቀችና ዝም አለች። ዝም ስትል እያለቀሰች እንደሆነ አውቃለሁ። በዚህ ወደ እኔ ነው የወጣችው፤ ድምፅ የላትም።

«እማዬ፣» አለች፣ «ከውጭ የሚቆለፍ አሠሪያ በቃ።»

«እሳት ቢነሳስ?» አልኳት።

«ቅርብ ነሽ እኮ።»

«ገበያ ስሄድስ?»

እውነቱን ለመናገር የያዘኝ እሳቱ አልነበረም። ከውጭ የሚቀረቀር በር የሚሠራው ለሱቅ፣ ለፍየል፣ ለእስረኛ ነው። ሰው ያለበት ቤት መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው፤ ያ ሰው ሲፈልግ እንዲዘጋ፣ ሲፈልግ እንዲከፍት። እኔ ያገባሁትን ሰው፣ ሎሪ ላይ አስቀምጦ አገር ያሳየኝን ሰው፣ እንደ ፍየል ልቀረቅርበት ነው። ይህን ሳስብ ሆድ ይብሰኝና ሱቅ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ፊት እነሳለሁ። አንዷ ጎረቤቴ «ምነው ዘንድሮ ሽሮሽን በቁጣ ነው የምትሸጪው?» አለችኝ። ጨምሬ ሰፈርኩላት፤ ምን ላድርግ።

በእኛ ከተማ በር የሚመረጠው በፎቶ አይደለም፤ በመንገድ ነው። ሰው በር ሊያሠራ ሲል ሰፈር ለሰፈር ይዞርና የሰው በር ያያል። የወደደው በር ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ አይቶ አይሄድም፤ ነውር ነው፤ ሌባ ነው የሚያስመስለው። አንኳኩቶ ሰላም ይላል፣ «በራችሁን ወድጄው ነው» ይላል። ባለቤቱ ወይም ሚስቱ ትወጣና ስለ በሯ ታወራለች፤ ማን እንደሠራው፣ በየት በኩል እንደሚንቋቋ፣ ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሚሆን። ሻይ ሳይጠጣ መሄድ የለም። ከዚያ ፉንዲው ዘንድ ይኬድና «የእነ እንትናን ዓይነት» ይባላል። ፉንዲ የምንለው ብረት በያጁን ነው፤ እዚህ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ፉንዲ ነው።

እኔም ባለቤቴን ይዤ ዞርኩ። የት ጥዬው ልሂድ? ሱቁን ዘግቼ፣ ኮቱን አልብሼ፣ ክንዱን ይዤ ወጣን። የሚገርመው ያን ቀን ደህና ነበር። በየበሩ ላይ ያቆመኛል፤ «እዚህ ጤፍ አራግፌያለሁ፣ እዚህ ቤት ጎማዬ ተንፍሶ አድሬያለሁ» ይላል። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን ፊቱ በርቶ ነበርና አላቋረጥኩትም። መንገድ ልንሻገር ስንል ግን በተሳሳተው በኩል ያይና እግሩን ያነሳል፤ ሞተሩ ከሌላው በኩል ነው የሚመጣው። ክንዱን ጠበቅ አደርጋለሁ። ሰው ሲያየን የተዋደድን ሽማግሌዎች ሽርሽር የወጣን ነበር የምንመስለው። ነበርንም እኮ። አንዲት ሴት ከሱቋ ሆና «እንዲህ ነው እንጂ ትዳር!» ብላ ጮኸችልን፤ ባለቤቴም ባርኔጣ ያለው ይመስል እጁን ወደ አናቱ አነሳላት።

ሄሉ አንድ ከብት ነጋዴ ቤት ደረስን። አረንጓዴ በር፣ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ወፍራም ላሜራ፣ ላዩ ላይ ከብረት የተቆረጠ ጨረቃና ኮከብ የተበየደበት። አንኳኳሁ። የነጋዴው ሚስት ወጣች፤ ሰላም ተባባልን። ከገዛ ባሏ በላይ በሩን ነው የምትወደው መሰለኝ፤ አገላብጣ አሳየችን፤ በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ «እዪ እህቴ፣ ቅቤ ነው እኮ» አለችኝ። ባለቤቴም ገፋ አደረገና «ቅቤ ነው» አለ። ሳቅን። ወተት የበዛበት ሻይ ቀረበልን።

እሷ ብርጭቆ ልታነሳ ስትገባ ግቢው ጥግ ያለው የፍየሎቹ በረት ዓይኔን ሳበው። የበረቱ በር ቀላል ነገር ነው፤ ክብ ብረት፣ ሁለት ቀለበት፣ ከውጭ ሸርተት የሚል። ተነስቼ ሄድኩ። ብረቱን ወደዚያ ሳብኩት፣ ወደዚህ መለስኩት። ስንት ጊዜ እንደመላለስኩት አላውቅም። ውስጥ ያሉት ፍየሎች የሚበላ የመጣላቸው መስሏቸው ተሰብስበው አፍጥጠው አዩኝ። ለባሌ ይህ ይበቃዋል እያልኩ ነበር የማስበው፤ ወዲያው ደግሞ ምን ዓይነት ሴት ነኝ እላለሁ። ዞር ስል ባለቤቴ ብርጭቆውን እንደያዘ ያየኛል። ሻዩን ፉት አለ።

ፉንዲው ዘንድ ሄድን። ጎልማሳ ቦረና ነው፤ አማርኛውን ከኦሮምኛና ከስዋሂሊ ጋር አደባልቆ ነው የሚናገረው፤ ሥራው ግን የተደባለቀ አይደለም። «የከብት ነጋዴውን ዓይነት፣ ጨረቃና ኮከቡ ሲቀር» አልኩት። ሳቀ። «ኤዬ፣ እሺ ማማ፤ መስቀል ላድርግበት?» አለኝ። «እንዲሁ ልሙጡን ተወው፤ እግዚአብሔር ሳይጻፍበትም ያውቀናል» አልኩት። ቀለሙን ባለቤቴ መረጠ፤ ሰማያዊ። ስፋቱ ላይ ስንደርስ ፉንዲው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ፦

«መኪና አላችሁ?» አለ።

«የለንም» ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ። «ጥገና ላይ ናት» አለው። ፉንዲው ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እንደ ድሮው፣ ሎሪ እንደሚያስገባ ሆኖ ይሠራ ተባለ። ባዶ ቤት ላይ ያን የሚያህል በር! ግን ማጥበብ አልሆነልኝም። በሩን ካጠበብኩት ሎሪዋ እንደማትመለስ በብረት የተነገረው ያህል ነው የሚሆንበት።

«መቀርቀሪያው እንግዲህ ከውስጥ፣ ሳዋ?» አለ ፉንዲው። ሳዋ ማለቱ፣ ተስማማን ወይ ነው።

ባለቤቴ አጠገቤ ቆሟል፤ እጁ ክንዴ ውስጥ ነው። የመጣሁት ለዚያች አንዲት ቃል ነበር። ለሁለት ሳምንት ስለማመዳት የከረምኩት እሷን ነው። አፍሬ «ሳዋ፣ ከውስጥ» አልኩት። ቤት ገብቼ ራሴን ረገምኩ። ተመልሼ ብቻዬን ሄጄ እነግረዋለሁ አልኩ፤ አንድ ቀን ዝናብ ነው አልኩ፣ አንድ ቀን ሱቁ ሰው በዝቷል አልኩ። ዝናብ አልነበረም። ሰውም አልነበረም።

በሩ ተሠርቶ በእጅ ጋሪ ተጭኖ መጣ፤ ሁለት ጎልማሶች ከኋላ እየገፉ፣ ፉንዲው ከፊት እየጮኸ። ጎረቤት ወጥቶ «ማሻላህ»፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ። አሮጌው ወለቀ፣ አዲሱ ቆመ። ሰማያዊው ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ባለቤቴ ጠዋት ስሜን ረስቶ ነበር የተነሳው፤ ቁርሱንም ያበላሁት እንደ ሕፃን ነው። ከዚያ ወንበር አውጥቼ ደጅ አስቀመጥኩት፤ ብየዳውን አትይ፣ ዓይንህን ይጎዳሃል እያልኩ ፊቱን ወደ መንገድ አዞርኩት። እሱ መልሶ ያዞረዋል።

ፉንዲው በሩን ከሰቀለ በኋላ መቀርቀሪያውን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ሊበይድ ጭምብሉን አወረደ።

«ከውስጥ አይደለም» አለ ባለቤቴ።

ሁላችንም ዞርን። ከወንበሩ ተነስቷል። ድምፁ የድሮ ድምፁ ነበር፤ ኬላ ላይ ከፖሊስ ጋር ሲከራከር የሚያወጣው፣ ቀጥ ያለ፣ ያልተጣደፈ።

«ጋሼ፣ ማማ ከውስጥ ብለዋል እኮ» አለ ፉንዲው።

«አውቃለሁ። ከውጭ አድርገው። ቀለበቱንም ጠንካራ አድርገው፤ ከውስጥ ብረት ገብቶ እንዳይፈነቅለው።»

«አንተ፣» አልኩት፣ «ምን እያልክ ነው?»

ወደ እኔ መጣ። ስሜን ጠራኝ። ወራት ሆኖኝ ነበር ስሜን ከአፉ ከሰማሁ። «የፍየሎቹን በር ስትነካኪ አይቼሻለሁ» አለኝ። «አንቺ አትይውም። ብትሞቺ አትይውም። እኔ ነኝ የምለው።»

«ኧረ ተው፣ እኔ እንዲያው...»

«ስሚኝ፣ አሁን ነው የማውቅሽ፤ ከሰዓት በኋላ ላላውቅሽ እችላለሁ። ያኔ ክፈቺ ብዬ ብጮህ፣ ብሰድብሽም፣ እኔ አይደለሁም። አሁን ያለሁት ነኝ እኔ። እዚያ ግራር ሥር ሆኜ የፈራሁትን ፍርሃት አታውቂውም። ዝጊብኝ።»

ጎረቤቶቹ አንድ ባንድ ወደየቤታቸው ገቡ፤ እግዜር ይስጣቸው። ፉንዲው ጭምብሉን ወደ ላይ ገፍቶ ቆሞ ቀረ፤ ዓይኖቹ ከጭሱ ይሁን ከሌላ ነገር ቀልተው ነበር። «ፖሌ፣ ማማ» አለኝ፤ ፖሌ የሚባለው አይዞሽም፣ ይቅርታም፣ አዝኛለሁም ለማለት ነው። ከዚያ መቀርቀሪያውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣና በየደው። እኔ የባለቤቴ ደረት ላይ ግንባሬን አድርጌ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው ያየኛል ሳልል አለቀስኩ። እሱ ጀርባዬን መታ መታ አደረገ። ብየዳው ከማለቁ በፊት «ይህቺ መኪና ግን ጥገናው በዛባት፤ ምን ሆና ነው?» አለኝ።

ሦስት አራት ቀን አልቀረቀርኩም። ፈቅዶልኝም አልሆነልኝም። ሱቁን ትቼ ጋራዡ ውስጥ ከእሱ ጋር እቀመጥ ነበር፤ ደንበኛ ሲጣራ እሮጣለሁ። ግን ሱቅ ያለ ዕቃ ሱቅ አይደለም፤ የግድ ገበያ መውጣት ነበረብኝ። ምሳውን አበላሁት፣ ውኃ በጆግ አስቀመጥኩለት፣ ክብሪቱን ሁሉ ለቅሜ ያዝኩ። ለጎረቤቴም ድምፅ ከሰማች እንድታየው ነገርኩ። «መጣሁ» አልኩት፤ «በሰላም ግቢ» አለኝ። ሱቁን ቆልፌ በጋራዡ ወጣሁና መቀርቀሪያውን ሸርተት አደረግኩት። ቅቤ ነው። ምንም ድምፅ የለውም። ምነው ቢንቋቋ ኖሮ፤ እሱ ሰምቶ እምቢ ቢለኝ ኖሮ አልኩ።

ገበያ ውስጥ ምን እንደገዛሁ አላውቅም። ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ድንች ይዤ ተመለስኩ። ስልክ እየደጋገምኩ አያለሁ፤ ጎረቤቴ አልደወለችም። ሰፈር ስደርስ እሷ ደጇ ላይ ቆማ እጇን አገጯ ላይ አድርጋለች። «አልጮኸም፣ አልደበደበም» አለችኝ። «ስጠራው ደህና ነኝ ይለኛል። ግን ከሄድሽ ጀምሮ እዚያው በሩ ሥር ነው የቆመው።»

ዘንቢሌን ይዤ በሩ ጋ ደረስኩ። በታችኛው ክፍተት ጫማዎቹ ይታዩኛል፤ ጎን ለጎን፣ እንደ ተሰላፊ። ኮቴዬን ሰምቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አፋንዴ» አለ። በዚህ በኩል ሾፌር ፖሊስ ሲያናግር አፋንዴ ነው የሚለው። «አፋንዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀቴ ሙሉ ነው። ኬላው መቼ ነው የሚከፈተው?»

አልተቆጣም። አልተንገበገበም። ዕድሜውን ሙሉ የተዘጋ ኬላ ፊት የቆመ ሰው ነውና ተራውን እየጠበቀ ነበር። ምነው በሰደበኝ።

«እኔ ለራሴ ምንም አይደለም» አለ፤ «እዚሁ ማደር እችላለሁ። ባለቤቴ ናት የምታሳስበኝ። ካልገባሁ እራት አትበላም፤ አመሏ ነው። ሰሃኑን ከድና ትቀመጣለች።»

እውነቱን ነው። ሎሪ ላይ በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ ሳይገባ በልቼ አላውቅም። እሱ ይህን ያውቃል ብዬም አስቤ አላውቅም፤ ነግሬው አላውቅማ።

«አሁን ይከፈታል» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

መቀርቀሪያውን ሳብኩት። ወጣ። የመንገዱ ብርሃን ዓይኑን ወግቶት ጨፈን ከፈት አደረገ። አየኝ፤ አላወቀኝም። አጎንብሶ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለኝ። ጥቂት እንደተራመደ አንድ ነገር የረሳ ይመስል ዞረ።

«እርስዎንስ ቤት የሚጠብቅዎ የለም?»

«አለ» አልኩት።

«ይሂዱ እንጂ፤ ያስባል።»

ዘንቢሌን በሩ ሥር ትቼ አብሬው ሄድኩ።